በወገብ የሚታሰር የድምፅ ማጉያ፦ ለደከመ ድምፅ ምን ያህል ይበጃል?

የድምፅ ሕመም ያለበት ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚዝለው ጉሮሮው ብቻ አይደለም። አንገቱ፣ ትከሻው፣ የሆዱ ጡንቻ ሳይቀር ይዝላል። ጉሮሮው ውስጥ ተንቀጥቅጠው ድምፅ የሚሰጡት የድምፅ አውታሮች በደንብ ካልገጠሙ ከሳንባ የሚወጣው አየር በክፍተቱ ያመልጣል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለትና ሦስት ጊዜ መተንፈስ ግድ ይሆናል። አውታሮቹ ከልክ በላይ ተጣብቀው የሚይዙበት ሰው ደግሞ አየሩን በግድ ገፍቶ ማሳለፍ አለበት። ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን እነዚህ በጉልበት ይሠሩታል። እንጀራቸው መናገር ከሆነ፣ መምህር ወይም አስጎብኚ ወይም ጠበቃ ከሆኑ፣ ድካሙ መጀመሪያ የሕመም ፈቃድ ያበዛል፤ ቀጥሎ ሥራውን ራሱን ይወስዳል።

ለዚህ ችግር ከሚሸጡት ዕቃዎች ቀላሉ ይኼ መምህራንና አስጎብኚዎች ወገባቸው ላይ አስረው የምናየው ትንሽ ማጉያ ነው። ይህ ግምገማ የአንድ ፋብሪካን ምርት አይመለከትም፤ የተለያየ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡት አብዛኞቹ በአሠራር ተመሳሳይ ናቸው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ዕቃው ድምፅን ያጎላል እንጂ አያጠራም። ሻካራውን ድምፅ ሻካራ አድርጎ፣ የሚቆራረጠውንም እንደተቆራረጠ ያሰማል። የሚገዛው ጉልበት ለመቆጠብ ነው፤ ጉልበቱም የሚቆጠበው ተናጋሪው ራሱ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ የሚጥለው ይህችን ነጥብ ስለማያውቅ ነው።

እንደሚጠቅም ማስረጃ አለ። የድምፅ ሕመም ተመራማሪው ኔልሰን ሮይና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት የድምፅ ችግር ያለባቸው መምህራን በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ለ6 ሳምንት ማጉያ ተጠቀመ፣ ሁለተኛው ስለ ድምፅ አጠባበቅ ትምህርት ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም ሳይደረግለት ቆየ። ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ማጉያውን የታጠቁት ነበሩ። «ውኃ ጠጣ፣ አትጩህ» የሚለው ምክር ብቻውን ያን ያህል አልራቀም። ምክሩ ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ 50 ተማሪ ፊት የቆመ ሰው «አትጩህ» ስለተባለ ብቻ መጮህ አያቆምም።

ለውጡን የሚለኩበት መጠይቅ 30 ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ጠቅላላው 120 ነው፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ኑሮን ይበልጥ አስቸግሯል ማለት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ይገኛል። ማጉያውን ከመግዛታችሁ በፊት አንዴ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ደግሞ አንዴ ሙሉት። የ18 ነጥብ ልዩነት እንደ እውነተኛ ለውጥ ይቆጠራል። ከዚያ ያነሰውን በአንድ ጥሩ ወይም መጥፎ ቀን ማሳበብ ይቻላል።

ካርቶኑ ሲከፈት የእጅ መዳፍ የሚያህል ስፒከር፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ ማይክ፣ የወገብ ማሰሪያ፣ የቻርጅ ገመድ፣ አንዳንዴም የማይክ ስፖንጅ ትርፍ ይወጣል። የሁሉም ዓይን ስፒከሩ ላይ ነው። ማየት የሚገባው ግን ማይኩን ነው፤ የዕቃው ግማሽ ዋጋ እዚያ አለና። ማይኩ ከአፍ ያለው ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የሚቀበለው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ ማይክ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ 12 ዲሲቤል ያህል ያተርፋል፤ ያ ሁሉ ከጉሮሮ ላይ የሚነሣ ሸክም ነው። ስለዚህ የማይኩ ዘንግ የሚታጠፍና ባጠፉት ቦታ የሚቆይ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ አጥፉትና ራሳችሁን አሥር ጊዜ ነቅንቁ። ከወደቀ ተዉት።

ማይኩን ከከንፈር ፊት ለፊት አታድርጉት፤ «ፐ» እና «ጰ» በተባለ ቁጥር አየሩ እየመታው ቡፍ ቡፍ ይላል። ከአፍ ጥግ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ ከትንፋሹ መስመር ትንሽ ወጣ ይበል። ድምፃቸው አየር የሚበዛበት ሰዎች፣ ለምሳሌ አንዱ የድምፅ አውታራቸው ሽባ የሆነባቸው፣ ለዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ማይኩ ትንፋሹን ከድምፁ እኩል ስለሚያጎላው አድማጩ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ይሆናል። መነጽር፣ ሻሽ ወይም የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ከጭንቅላት ኋላ የሚዞረውን ዓይነት ሳይለካ አይግዛ፤ ጆሮ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቦ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራስ ያሳምማል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ድምፁ እንዴት ይስተካከላል? ማጉያው ከመከፈቱ በፊት መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ይሁን። ማይኩን አጥልቁ፣ ስፒከሩን እሰሩ፣ ከዚያ አብሩ። አንድ ሰው ከክፍሉ ኋላ ይቁም። እናንተ አንድ ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው በምታወሩበት ድምፅ ከ1 እስከ 20 ቁጠሩ፤ ያ በጤነኛ ድምፅ ወደ 60 ዲሲቤል ገደማ ነው። እየቆጠራችሁ መቆጣጠሪያውን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ፤ የኋላው ሰው «ሰማሁ» ሲል አቁሙ። «ሰማሁ» የሚለው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። የራሳችሁን ድምፅ በራሳችሁ ጆሮ እየሰማችሁ ካስተካከላችሁ ሁልጊዜ ትሳሳታላችሁ፤ ስፒከሩ የሚያየው ወደ ፊት ስለሆነ ለእናንተ ደብዝዞ ይሰማል።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። ክፍሉ ሲንጫጫ የሰው ልጅ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 የገለጸው ባሕርይ ነው፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ማጉያ መታጠቅ ይህን ልማድ አያጠፋውም። ስለዚህ ሰውየው ማጉያም ታጥቆ እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ተማሪው ጆሮውን ይይዛል፣ የመምህሩም ጉሮሮ እንደ ድሮው ይቃጠላል፣ «ዕቃው አይረባም» ይባላል። ራስን መፈተኛ አንድ ቀላል መንገድ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባ ሳይነግራችሁ በንግግራችሁ መሀል ማጉያውን ያጥፋው። በዚያች ቅጽበት የቀረው ባዶ ድምፅ የቡና ላይ ወሬ ከመሰለ ተሳክቶላችኋል። የአዳራሽ ንግግር ከመሰለ ገና ናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህን ሦስት አራት ጊዜ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ማጉያውን ለከሰዓት በኋላ ማስቀመጥ ነው። «ጠዋት ድምፄ ደህና ነው፣ ሲደክመኝ አደርገዋለሁ» ይላሉ። ይህ ሰውነት ከዛለ በኋላ ሸክሙን ለረዳት ማስረከብ ነው። ያበጠና የተቆጣ የድምፅ አውታር በአንድ ሰዓት አይመለስም። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ይታሰር፤ ጠዋት የተቆጠበው ነው ማታ ለቤተሰብ የሚተርፈው።

ፉጨቱ የሁሉም ቅሬታ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል፤ ዙሩ በሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ ተደጋግሞ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል። የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል። ጎንበስ ብላችሁ የተማሪ ደብተር ስታዩ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ይወርዳልና ያፏጫል። በረንዳ ላይ ግድግዳ ሥር ስትቆሙ ድምፁ ነጥሮ ይመለሳልና ያፏጫል። ማይኩን አውልቃችሁ አንገት ላይ ስታንጠለጥሉ ደግሞ በእርግጠኝነት ያፏጫል። መድኃኒቱ ስፒከሩን ከሆድ ላይ አንሥቶ ወደ ዳሌ ማዞር፣ ማይኩን ይበልጥ ወደ አፍ አቅርቦ የስፒከሩን ድምፅ አንድ ደረጃ መቀነስ፣ ከመጎንበስ በፊትም ማጥፊያውን መጫን ነው። ማጥፊያው በጣት ዳበሳ ካልተገኘ ዕቃው ለሥራ አይሆንም። ማጥፊያ ስንል፣ ከክፍል ወጥታችሁ መጸዳጃ ቤት ስትገቡም አስታውሱት።

ስፒከሩ ወደ ዳሌ መዞሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ሆዱ ላይ የታሰረው ስፒከር የሚያወራው ለሰሌዳው ነው። ኋላ ያለው ተማሪ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ መምህሩም ይህን ሲያስተውል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እየጻፉ አለመናገር ከሁሉ ይሻላል። ያ ካልሆነ ስፒከሩን ፈትቶ ወደ ክፍሉ አዙሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ለዚህ ገመድ አልባ ማይክ ያስፈልጋል።

ገመድ አልባ ስትገዙ ብሉቱዝ የሆነውን ማይክ አትግዙ። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሴኮንድ የሚያዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙዚቃ ለማዳመጥ ምንም አይደለም፤ የገዛ ንግግሩ በዚያን ያህል ዘግይቶ የሚሰማው ሰው ግን ምላሱ ይተሳሰራል፣ ቃል ይጎትታል፣ ይንተባተባል። ድምፁ ቀድሞውኑ የሚቆራረጥበት ሰው ላይ ይህ ሲጨመር ጭንቀት ነው። ዩኤችኤፍ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚሠራው ይህ መዘግየት አይሰማበትም። ሱቅ ውስጥ «ታ፣ ታ፣ ታ» እያላችሁ ፈትኑት፤ ሁለት «ታ» ከሰማችሁ መልሱት።

ስለ ዋት ብዙ አትጨነቁ። የዋቱ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ጭማሪ 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ የማይኩን ርቀት ከአፍ በግማሽ መቀነስ ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ላይ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚደረስበት ጣሪያ እንጂ ሰዓታት የሚሠራበት ኃይል የማይሆንበት ጊዜ አለ። ትልቅ ስፒከር ይከብዳል፣ ወገብ ይጎትታል፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ሆድ ላይ የጠበቀ ቀበቶም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ማሰሪያውን ከእምብርት በታች ዝቅ አድርጉት፣ ወይም በትከሻ አንግቱት።

ለማን ይበጃል? የድምፅ አውታር ሽባነት ላለበት፣ በፓርኪንሰን ምክንያት ድምፁ ለሰለለ፣ አውታሩ ላይ እባጭ ወጥቶ «እንዳትጮህ» ለተባለ ሰው ከፍተኛ እፎይታ ነው። የድምፅ አውታር መኮማተር ያለበትና ቦቱሊነም የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የሚወጋ ሰው ደግሞ በየወቅቱ ያስፈልገዋል። መርፌው በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ወር ይሠራል፤ ከተወጉ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንታት ግን ድምፁ ወደ ትንፋሽ ብቻ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። የማጉያው ሥራ ለእነዚያ ሳምንታት ነው። መርፌው ሊያልቅ ሲል ድምፁ እየታነቀ ቃል ሲቆርጥ ግን ማጉያ እምብዛም አይረዳም፤ የታነቀውን ቃል ማጉላት ቃሉን አይሞላውም። በዚያ ሰሞን ከባድ ስብሰባ አለመቀጠር ይሻላል፤ የመርፌውን ቀጠሮና የሥራውን ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማቀድ ነው።

አንገት ላይ የሚለጠፈው የጉሮሮ ማይክ ብዙ ይወራለታል። የሚሠራው የማንቁርቱን ንዝረት ከቆዳ ላይ በመልቀም ስለሆነ፣ አውታሩ ካልተንቀጠቀጠ የሚለቅመው ነገር የለም። ለሚያንሾካሹክ ሰው ዋጋ የለውም። በምላስና በከንፈር የሚፈጠሩትን «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» የመሳሰሉትንም ያደበዝዛል። እግረ መንገዳችንን፣ ሹክሹክታ ለድምፅ እረፍት ነው የሚባለው ለብዙ ሰው ልክ አይደለም፤ ማንቁርቱን ጨምቆ የሚያንሾካሹክ ሰው ከቀስታ ንግግር የበለጠ ይደክማል። እረፍት ማለት ዝምታ ነው።

በስልክ ለሚሠራ ሰው በወገብ የሚታሰር ማጉያ ምንም አይፈይድም። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ የተጎዳ ድምፅ በዚህ ጠባብ በር ሲያልፍ ከነበረው በታች ይሆናል፣ «አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» ይበዛል፣ መድገሙ ነው የሚገድለው። ከአፍ ጥግ የሚቆም ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫና በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ የተሻለ ነው፤ የሚያሳልፈው ሰፊ ነው። ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚቀይሩ መተግበሪያዎችም አሉ። አፕል በ2023 ባወጣው የአይፎን ሥርዓት ውስጥ የሚጻፈውን የሚናገር መሣሪያ ጨምሯል፤ የራስን ድምፅ ቀድሞ ቀርጾ በእሱ ማስነገርም ይቻላል፣ ለአማርኛ ግን አይደለም። አማርኛ የሚያነቡ ድምፆች ማይክሮሶፍት አሉት፤ መቅደስና አምሃ ይባላሉ። ከሰው ጋር ለመጨዋወት መተየቡ ቀርፋፋ ነው። በየቀኑ የሚደጋገሙ አሥር አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ቀድሞ አስቀምጦ በአንድ ጣት ማስነገር ግን መስኮት ላይ ለሚያስተናግድ ሰው ብዙ ትንፋሽ ያተርፍለታል።

ማጉያው ብቻውን ሥራን አያድንም። ከአሠሪ ጋር ስትነጋገሩ «ታምሜአለሁ» ብቻ ብሎ መሄድ መልሱን «እረፍት ውሰድ» ያደርገዋል። የሚጠየቀውን ቆጥራችሁ ሂዱ፦ ማጉያ ይገዛልኝ፣ በተከታታይ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ እንዳልናገር የጊዜ ሰሌዳው ይሸጋሸግ፣ በመሀል የጽሑፍ ሥራ ይሰጠኝ፣ የስልኩን ሥራ ሌላ ሰው ይያዝልኝና እኔ የእሱን ደብዳቤ ልያዝ፣ በስብሰባ ላይ ሐሳቤን በጽሑፍ ላቅርብ፣ ይህን ለ6 ሳምንት እንሞክረውና እንገምግመው። የሐኪም ማስረጃውም ምርመራውን ብቻ ሳይሆን በቀን ምን ያህል መናገር እንደሚቻል የሚገልጽ ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይደነግጋል። የድምፅ ሕመም በዚህ ውስጥ መግባት አለመግባቱ እንደየአገሩ ሕግና እንደ ጉዳቱ መጠን ነውና ከመልቀቂያ ደብዳቤ በፊት የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ። ለቆ መጠየቅ ዘግይቶ መጠየቅ ነው።

በክፍለ ጊዜዎች መሀል ለሚገኘው ዝምታ አንድ ነገር ይጨመር። ቀጭን የመጠጫ ቀሰም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነክሮ «ኡ» እያሉ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አረፋ ማውጣት ማንቁርቱን ያፍታታል። ጉንጭ አይነፋ፣ አንገት አይገተር። ካሳመመ ይቁም፤ ማስተካከሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያው ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ማጉያ ምልክትን ይሸፍናል። ምክንያቱ ያልታወቀ የድምፅ መሻከር ይዞ ማጉያ ታጥቆ ወራት መክረም አደገኛ ነው። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ የ2018 መመሪያ ችግሩ በ4 ሳምንት ካልተወገደ ወይም ካልተሻሻለ ማንቁርቱ በመሣሪያ እንዲታይ ይመክራል፤ ከባድ በሽታ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ደግሞ 4 ሳምንቱም አይጠበቅም። የሚያጨስ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ወይም መዋጥ የሚቸግረው ሰው ከሱቁ በፊት ሐኪም ቤት ይሂድ።

የሚበላሸውን እናውራ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው የማይኩ ገመድ ነው፤ ያውም ስፒከሩ ላይ ከሚሰካበት ሥር። ሰውየው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር እዚያው ቦታ ይታጠፋልና ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይበጠሳል። ምልክቱ ድምፁ እየመጣ መጥፋት፣ ገመዱ ሲነካ ጠሽ ጠሽ ማለት ነው። ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ አንድ ዙር ጠቅልሎ ከማሰሪያው ጋር በፕላስተር መያዝ ዕድሜውን በብዙ ያራዝመዋል። ቀጥሎ የሚሄደው ስፖንጁ ነው፤ ምራቅና ላብ ጠጥቶ ድምፁን ያፍነዋል፣ ይሸታልም። በሳምንት አንዴ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥቡን መልሶ ማልበስ ማይኩን ይገድላል። ባትሪው ሲዳከም መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ አይደለም፣ መንተክተክ ነው። ቃሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ሲቧጨር ከሰማችሁ ጉሮሯችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ቻርጁን እዩ። ረጅም እረፍት ላይ ባዶውን አታስቀምጡት፤ ግማሽ ሞልታችሁ አስቀምጡት።

ትርፍ ማይክ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይገዛ፣ ከዚያው ሞዴል። መሰኪያው 3.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብቻ የሞባይል ማዳመጫ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የሞባይሉ መሰኪያ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለ፣ የማጉያው ማይክ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ነው። ይገባል፣ አይናገርም።